የመቀነት ውሃ

ጅማ የሄድሽ ለታ፣ ቁልፍሽን ስትሰጪኝ፣
"አበባ ያጠጡልኝ" የምትዪ መስሎኝ
እሺ አልኩሽ፣ ናርዶስ፣ ሳላይ ሳልጠይቅ።
ለካስ መስታወት ሣጥን፣ በአምፖል የሚሞቅ፣
ከውስጡ መቀነት፣ ቡናማ፣ የተጠቀለለች፤
ስሟም መቀነት ነው።
ምላሷን አውጥታ ሽታዬን ቀመሰች።

እባብ ያየ በልጥ ይደነብራል፤ እኔ ሳላይም ደንባሪ ነበርኩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ኖርኩ፣
ከካዛንቺስ ጓሮ እስከ ግንፍሌ ዳር፣
የቆጣሪ ክዳን ባነሣሁ ቁጥር
"ዛሬስ ምን ይወጣ?" እያልኩ፣ በእግር ጣቴ ቆሜ።
ይኸው በጡረታዬ ተረከብኳት፣ በገዛ እጄ ፈርሜ።

ወረቀትሽ ፍሪጁ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
"ጋሽ መርሻ፣ መርዝ የላትም፤ አይፍሩ።
በአሥራ አራት ቀን አንዴ ነው፤ ከዚያ አይጨምሩ።
አይጧ ከወገቧ ወፍራም አትሁን፤
በለብታ ያሟሟት፤ የፈላ ውሃ አይሁን፤
የማሟሟቻው ጣሳ ለሻይ እንዳይውል።
ሕይወት ያላት አይስጧት፣ ጥግ የያዘች አይጥ
ዓይን ታጠፋለች።
በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይሆንም፤
ጣትዎ አይጥ ከሸተተ፣ ጣትዎን አይጥ ትላለች።
ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አይንኳት።
ዓይኗ ጉም ከመሰለ፣ ልብሷን ልትቀይር ነው፤
ውሃ ብቻ። ይተዋት።"

እማማ ትሩፋት ሰምተው፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ እያለከለኩ
ወተት ይዘው መጡ፣ ብርጭቆ ሙሉ።
"እባብ ወተት ይወዳል፤ ላም ይጠባል" አሉ።
"ሆዷን ይበጠብጣል፣ እማማ፤ የሷ ውሃ ነው" ብላቸው
ቅር አሉ።
እኔው ጨለጥኩት፣ ሙሉ።
"መጽሐፉስ? 'ትቢያ ትበላለህ' አይል?"
"ይላል።
ይቺ ግን በአሥራ አምስት ሐሙስ አንድ አይጥ፤
ሌላውን ቀን ጾም ናት፤ ረቡዕ ከዓርብ አትመርጥ።"
ዝም አሉ ትንሽ። ከዚያ፣ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብለው፣
"ከኔ ትሻላለች" አሉ፣ ሳቃቸውን በነጠላ ከልለው።

ውሃው ነበር ጭንቁ።
እዚህ ሰፈር ፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ያውም ሌሊት።
ቀለም አልባ ጀሪካኖችሽን ሞልቼ፣ አፋቸውን ከፍቼ
አሳድራለሁ፣ የክሎሪኑ ሽታ እስኪወጣለት።
ሳህኗ ከባድ ሸክላ፣ የማይገለበጥ፤
ገብታ የምትጠቀለልበት፣ ግን ከሦስት ጣት የማይጠልቅ።
ጠጣችም አልጠጣችም በየቀኑ እቀይራለሁ፤
ለፊቴ ያጣሁ ቀን እንኳ ለሷ አላጣሁም።
(ይህን ለልጆቼ እንዳትነግሪያቸው።)

ሐሙስ ማታ በላች። በቀስታ፣ መንጋጋዋን ፈትታ፣
ጭራዋ እስኪጠፋ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ከአራት ኪሎ እስከ ታች ጨለማ። አምፖሏ ቀዘቀዘ።
ትዝ አለኝ ቃልሽ፦ ከበረዳት፣ ሆዷ መፍጨት ያቆማል፣
የዋጠችው ውስጧ ይበሰብሳል።
በጋዝ ምድጃ ውሃ አሞቅሁ፤ ሁለት ሃይላንድ ሞላሁ፤
ካልሲ አለበስኳቸው፣ የገዛ ካልሲዬን፤
ከሣጥኑ ውጭ፣ በአንድ ጎን ብቻ አስጠጋሁ፣
ሲሞቃት እንድትሸሽበት ሌላውን ትቼ።
በየሰዓቱ ቀየርኩ። በስልኬ ባትሪ እያየሁ
ቆጠርኩ፣ የለመደብኝን፦ ስንት ጊዜ ተነፈሰች?
ከመስኮቱ ማዶ ጄኔሬተር ያጓራል።
ያንን የፈራሁትን ነገር፣ ናርዶስ፣ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አምፖሉ በራ።
የፈረቃ ቀን ባይሆንም ቧንቧው ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ተንደቀደቀ።
ያሳደርኩትን ቀዳሁላት።
ከጥቅሏ ወጣች፣ በእርጋታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፤
አገጯን ውሃው ላይ አሳረፈች።
ምላሷ አልወጣም። ጉሮሮዋ ብቻ፣ ከፍ፣ ዝቅ፤
ከፍ፣ ዝቅ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ውሃ ቆጠርኩ፤
ስንት ሜትር ኩብ እንደ ጠጡ በመዝገብ ጻፍኩ፤
አንዱንም ግን ሲጠጣ ቆሜ አላየሁ።

እንግዲህ የዛሬ ንባብ፦
አይጥ፣ አንድ፤ አልመለሰችውም።
ውሃ፣ ሦስት ጣት ነበረ።
ሩብ ጣት ጎደለ።